የዘጠና ስድስተኛው ባቡር ወረቀት

አስከሬኑ ከእህል ጉድጓድ ሲወጣ ረፍዷል፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ በማትደርስበት ጥግ፣ ውርጩ ግን ገና እንደ ነጭ ነጠላ ተዘርግቶ ነበር። ሚሊሻዎቹ ጉድጓዱን በጋቢ ሲያራግቡ ቆይተው፣ አንዱን ወገቡን በገመድ አስረው አውርደው፣ መምህር አስናቀውን ጎትተው አጋደሟቸው። ደም የላቸውም፤ ጭረት የላቸውም። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል፤ አንድ ነገር ጠይቀው መልሱን የሚጠብቁ ይመስላሉ። በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ያቀፉት የቆርቆሮ ሳጥን አልላቀቅ ብሎ አብሯቸው ወጣ።

ኢንስፔክተር ሰርካለም አስከሬኑን ትታ መሬቱን ታይ ነበር። የጉድጓዱ አፍ በጭቃ ተመርጎ የኖረ ነው፤ ምርጊቱን ማን እንደሰበረው አይታወቅም። ስብርባሪው ዙሪያውን ተበትኗል። ጎንበስ ብላ አንዱን ቁራጭ አነሳች። ከሥሩ ያለው ሣር በውርጭ ነጥቷል። ሁለተኛውን አነሳች። እሱም እንደዚያው። ቁራጮቹን መልሳ እንደነበሩ አስቀመጠቻቸው።

ወደ ደባርቅ ስትጓዝ መንገድ ተዘግቶባት አምባ ጊዮርጊስ ስታድር ሁለተኛ ሌሊቷ ነበር። ከፊትም ከኋላም ማኪና አይንቀሳቀስም፤ ስልክ ዝም ብሏል። ከተማይቱ ክዳኗ እንደተገጠመ ድስት ነበረች፤ ውስጧ ያለው ሁሉ ይንተከተካል እንጂ አይወጣም። የሚሊሻው አዛዥ አንዳርጋቸው ጎንደር መደወል ቢያቅታቸው፣ «ማደሪያ ቤቱ ውስጥ አንዲት የጎንደር ኢንስፔክተር አለች» ሲባል ሰምተው መጡና በሯን አንኳኩ።

«ገዳዩን እንደሁ ይዘነዋል፣ ልጄ» አሏት አሁን፣ ጠመንጃቸውን ከትከሻ ወደ ትከሻ እያሻገሩ። «አንቺ ወረቀቱን ብቻ ጻፊልን።»

«ማን ነው?»

«ባለ ባቡሩ። ቢያዝን። እዚያው ባቡር ቤት ቆልፈንበታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንገዱ ለአጀብ ይከፈታል ተብሏል፤ ያን ጊዜ ጭነን ወደ ጎንደር እንሰደዋለን።»

ከብረቱ በር ጀርባ የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ። «በሩን ገርበብ አርጉልኝ! በአምላክ! አልሸሽም፣ ገርበብ ብቻ!»

አንዳርጋቸው ፊታቸውን አዞሩ። «ከነጋ ይኸው ነው የሚለው» አሉ ቀስ ብለው።

ባቡር በምድሯ ተነድቶ በማያውቅ አገር ባቡር ቤት መኖሩ የሚገርመው ለእንግዳ ነው። በዚህ በወገራ ሰው ወፍጮውን ባቡር ይለዋል። መምህር አስናቀውን ያንከራተታቸውም ይኸው ቃል ነበር። ጡረታ የወጡ የመስመር ሥዕል አስተማሪ ናቸው፤ አሥር ዓመት ሙሉ፣ ድሮ የእንፋሎት ባቡር ይሠራ የነበረና የጠፋ ፌራልዲኒ የሚባል የጣሊያን ፋብሪካ መዛግብት ሲፈልጉ ኖረዋል። ፋብሪካው ከነወረቀቱ በጦርነት ነዷል፤ የጎንደርን የባቡር መስመር ሊያጠና የመጣ አንድ መሐንዲስ ግን የትእዛዝ መዝገቡን ይዞ እንደመጣ፣ ሳይመልሰውም እንደቀረ አንድ ደብዳቤ ላይ አንብበዋል። በየገበያው «የባቡር ወረቀት ያለው ሰው አታውቁም?» ብለው በጠየቁ ቁጥር ገበሬው እየመራ ወፍጮ ቤት ያደርሳቸዋል። ይስቁና ይመለሳሉ። በመጨረሻ ግን አንዱ መሪ ቢያዝን ቤት አደረሳቸው።

ሰርካለም በሩን አስከፈተች። ከሚሠራው ሞተር አጠገብ የዛገ ትልቅ የእንፋሎት ሞተር ቆሟል፤ ሆዱ ላይ የናስ ሰሌዳ ተለጥፎበታል። ዱቄቱን በአውራ ጣቷ ጠረገችው። ፌራልዲኒ፣ ቁጥር 96 ይላል። ከሞተሩ ሥር አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል፤ በዚያ ብርድ ግንባራቸውን አልቧቸዋል።

«በሩ ክፍት ይሁን» አለች ሰርካለም፤ ራሷም ደፉ ላይ ተቀመጠች። «ይናገሩ አቶ ቢያዝን።»

ሽማግሌው ከውጭ የሚገባውን አየር ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡ። «አባቴ ሞተሩን ከጣሊያኑ ሲረከብ ሳጥኑም አብሮ መጣ። ኋላ ያ የፍተሻው ዘመን ሲመጣ ወረቀት የተገኘበት ሁሉ ይታሰር የለም? ከገብሱ ሥር ቀበርሁት። አስናቀው ሲመጣ ነገርሁት። እንደ ሕፃን ዘለለ!» ፈገግ ሊሉ ፈልገው አልሆነላቸውም። «ዛሬ ጧት እከፍትልሃለሁ፣ አንድ ቀን ይተንፍስ፣ ነገ ትወርዳለህ አልሁት። እሺ አለኝ። የገበሬ ልጅ ነው እኮ፤ ታሽጎ የከረመ ጉድጓድ እንደሚገድል ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን ወረዱ?»

«እሱን ነው እኔም የማላውቀው።»

«እርስዎ ራስዎ ይወርዱ ነበር?»

«እኔ? እኔማ ከታሰርሁ ወዲህ ጓዳ እንኳ አልገባም። ሰው በሠራው ወንጀል ሦስት ዓመት ጨለማ ቤት ተዘግቶብኛል። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ዳግመኛ ከዘጉብኝ ፍርዱን አልጠብቅላቸውም። እዚያው እቀራለሁ።»

ሰርካለም ሰዓቷን አየች። አራት ሰዓት ከሩብ። አጀቡ እስኪመጣ ለእኚህ ሰው አምስት ሰዓት እንኳ አልቀራቸውም።

ከሟቹ ደረት ኪስ የወጣ ማስታወሻ ደብተር ነበር። የመጨረሻው ገጽ በአስተማሪ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «አያ ቢያዝን ነገ ጉድጓዱን ይከፍትልኛል። አንድ ቀን መተንፈስ አለበት። አሥር ዓመት ጠብቄ አንድ ቀን መጠበቅ አቃተኝ። አያ ቢያዝን ሸጋ ሰው ነው።» ከሥሩ ሌላ መስመር፦ «የ96ን ነገር ከመናገሬ በፊት ልጁ ራሱ እንዲናገር ዕድል ልስጠው።»

ልጁ ማን ነው? ከመምህሩ ጋር ከጎንደር የመጡት ሦስት ናቸው። ሌሊቱን ሁሉም በዚሁ ግቢ አድረዋል፤ የግቢውን በር አንዳርጋቸው ራሳቸው ሲጠብቁ ስላደሩ ከውጭ የገባ የለም።

መጀመሪያ ሹፌሩን አቢን አስጠራች። ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ፣ ከሚኒባሱ ውስጥ እያዛጋ ወጣ።

«እኔ ምንም የማውቀው ነገር የለም፣ ማዘር።»

«እናትህ ለመሆን ዕድሜዬ አልደረሰም።»

«ይቅርታ ማዘር።» ራሱን አከከ። «ትናንት ከፋዘር ጋር ተጨቃጭቀናል፣ እሱን አልደብቅም። እዚህ ቆመን ልንቀር ነው አልኳቸው። ሳቁብኝ። ማታ ጋቢያቸውን አምጥተው አለበሱኝ። ይኸው አሁንም ማኪናው ውስጥ አለ።» ድምፁ ተሰበረ፤ ወዲያው ሊደብቀው ሳል አስመሰለው። «አዘዞ ነው የተወለድኩት። ጉድጓድ ቢሉኝ የማውቀው የውሃውን ነው።»

ሁለተኛዋ ፅዮን ናት፤ በዩኒቨርሲቲው የታሪክ መምህርት፣ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች። ጣሊያንኛ ስለምታነብ መዝገቡን ልትተረጉም ነበር የመጣችው። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«አስቀድሜ ለሚሊሻዎቹ ተናግሬያለሁ» አለች። «ክፍሌ ከጉድጓዱ በግድግዳ ነው የሚለየው። ገና ሳይነጋ ጋሽ አስናቀው ‹እውነት?› ሲሉ ሰማሁ። ሌላ ወንድ ‹ውረድ አያ፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ሲተነፍስ ነው ያደረ› አላቸው። እንቅልፍ መልሶ ወሰደኝ። ብነሳ ኖሮ...»

«የሰማሽውን ቃል በቃል ድገሚልኝ።»

ደገመችላት።

«የአቶ ቢያዝን ድምፅ ነው?»

«በግድግዳ በኩል እንዴት ይለያል? አነጋገሩ ግን የገጠር ነው። ከእኛ ውስጥ እንደዚያ የሚናገር ሌላ ማን አለ? እኔም፣ አቢም፣ ዶክተር ስማቸውም የከተማ ሰዎች ነን።»

«እሺ» አለች ሰርካለም፤ ጻፈችው። ከጻፈች በኋላ ግን እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ሳታነሳ አንዲት ቃል ላይ ቆየች።

ሦስተኛው ዶክተር ስማቸው ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ስለ ፌራልዲኒ ፋብሪካ መጽሐፍ የጻፈ፣ በየስብሰባው የሚጠራ ሰው። በዚህ ሁሉ ግርግር ጫማው ላይ ጭቃ የለም። መጽሐፉን ራሱ ከቦርሳው አውጥቶ ሰጣት።

«ጋሽ አስናቀው ትልቅ ሰው ነበሩ» አለ ረጋ ብሎ። «ድካማቸው ግን ከንቱ ነው ብያቸው ነበር። ዋናው መዝገብ ተቃጥሏል። ቅጂውን ሮም ውስጥ አንድ አዛውንት ቤት እኔ አይቼዋለሁ። መጽሐፌ በእሱ ላይ የተመሠረተ ነው።»

«ሳጥኑ ግን ተገኘ።»

«የወፍጮ ደረሰኝ ይሆናል።» ፈገግ አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኢንስፔክተር። የጎንደር አራዳ ልጅ ነኝ፤ እህል የማውቀው በከረጢት ነው። ጉድጓድ ሰው እንደሚገድል የሰማሁት ገና ዛሬ ነው።»

ሰርካለም መጽሐፉን ገለጠች። መጨረሻው ላይ የፋብሪካው ሥራዎች በቁጥር ተደርድረዋል። በጣቷ ወረደች። «ቁጥር 96፦ ለጎንደር መስመር የታዘዘ ባቡር፤ ሲጓጓዝ ከመርከቡ ጋር ሰጠመ።» ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ በብረቱ በር በኩል ወደ ዛገው ሞተር አሻግራ አየች፤ መጽሐፉን በጥንቃቄ ዘጋችው።

«ሸጋ መጽሐፍ ነው» አለች።

ቀኑ እየገፋ ሄደ። ከአውራ መንገዱ የማኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ቢያዝን ብድግ ይላሉ፤ ድምፁ ሲጠፋ መልሰው ይቀመጣሉ። ሰርካለም በሰባት ሰዓት ሳጥኑን በፅዮን ፊት ከፈተች፤ ሁለቱ ብቻቸውን ረጅም ጊዜ አብረው ቆዩ። ፅዮን ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር፤ ስማቸው «ምን ተገኘ?» ቢላት ሳትመልስለት አለፈች።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ባቡር ቤት እንዲገቡ ታዘዘ። ሰርካለም የምትፈልጋቸውን በምትፈልግበት አስቀመጠች፤ አቢን ከእህል መስፈሪያው አጠገብ፣ ስማቸውን መሐል፣ ፅዮንን ፊቷን ወደ አሮጌው ሞተር አዙራ። ቢያዝንን ብርሃን በስንጥቅ በሚገባበት፣ በሩ ሥር አኖረቻቸው።

«ጥቂት ይዘጋብዎታል» አለቻቸው ዝቅ ብላ። «እኔ አብሬዎት ነኝ። ይችላሉ?»

ሽማግሌው አላመኗትም፤ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

አንዳርጋቸው ከውጭ በሩን ገፉት። ብረት ከብረት ሲጋጭ ጣሪያው ላይ የነበረው ዱቄት ረገፈ። ክፍሉ ጨለመ። የቢያዝን ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ ፈጣንና አጭር ነው።

«መምህር አስናቀው በሁለት ነገር ሞቱ» አለች ሰርካለም። «በጉድጓዱ አየርና በአንድ ውሸት። በውሸቱ ልጀምር። ‹ከትናንት ማታ ጀምሮ ሲተነፍስ ነው ያደረ› ተባሉ። ምርጊቱ ትናንት ማታ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ውርጩ ከጭቃው በላይ ይወርድ ነበር። እኔ ያየሁት ጭቃው ከውርጩ በላይ ወድቆ ነው። የተከፈተው ጎህ ሲቀድ ነው፤ መምህሩ የወረዱትም ያን ጊዜውን።»

«ይኼ በራሱ ቢያዝንን ነጻ አያወጣም» አለ ስማቸው።

«አያወጣም፣ ልክ ነዎት። እንቀጥል። መምህሩ የገበሬ ልጅ ናቸው። የእህል ጉድጓድ ተነፈሰ ብሎ የሚነግራቸውን ሰው ሁሉ አያምኑም። አቢ ቢነግራቸው ይስቁ ነበር። የሚያምኑት የጉድጓድን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ነው። እንደ አቶ ቢያዝን ያለ።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» አለ አቢ፤ ወዲያው ከሽማግሌው ፊት ዓይኑን አሸሸ።

«አንዲት ቃል። ፅዮን፣ ሰውየው መምህሩን ማን ብሎ ጠራቸው?»

«አያ።»

«አንቺ አዲስ አበባ ያደግሽ ነሽ፤ ገጠር ሁሉም እንደዚያ የሚባባል መሰለሽ። አያ ግን የሚባለው ለታላቅ ነው። መምህር አስናቀው በደብተራቸው ‹አያ ቢያዝን› ብለው ጽፈዋል፤ ስለሚበልጧቸው ነው። አቶ ቢያዝን፣ እርስዎ መምህሩን ምን ብለው ነበር የሚጠሩት?»

«አስናቀው ነዋ!» አሉ ቢያዝን ከበሩ ሥር። በዚያ ጭንቅ ውስጥም እንኳ ነገሩ አስገረማቸው። «ታናሼን እንዴት ብዬ አያ እለዋለሁ? ሰው ይስቅብኛል።»

ሰርካለም ፊቷን ከበሩ ወደ ክፍሉ መሐል አዞረች።

«እንግዲህ» አለች ሰርካለም «የምንፈልገው ከመምህሩ የሚያንስ፣ ገጠር የተወለደ፣ መምህሩም ገጠር መወለዱን የሚያውቁለት ወንድ ነው። አቢ ታላቅም ታናሽም አያውቅም፤ ለሱ ዓለሙ ሁሉ ፋዘርና ማዘር ነው።»

«በጣም ያሳዝናል» አለ ስማቸው፤ ቆሞ ኮቱን አራገፈ። «በአንዲት ቃል ሰው ሊወነጀል? የአራዳ ልጅ መሆኔን ነግሬዎታለሁ። እኛ ጋ ጋሼ ነው የሚባለው።»

«እውነት ነው፤ ጋሼ ነው የሚባለው። መሄድ ይችላሉ ዶክተር። በሩን ያስከፍቱ።»

ስማቸው ተጠራጥሮ አያት። ከዚያ ወደ በሩ ሄደና በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ጋሼ፣ እባክዎ ይክፈቱልኝ።»

ከውጭ መልስ የለም።

«ጋሼ! ኢንስፔክተሯ ፈቅደዋል።»

መልስ የለም። አንዳርጋቸው ማንም ቢጠራ ሰርካለም ካልሆነች እንዳይከፍቱ ተነግሯቸዋል። ስማቸው መዳፉን ብረቱ ላይ አሳረፈ። የቢያዝን ትንፋሽ ከእግሩ ሥር ያፏጫል። ከበስተኋላው ሰርካለም የሳጥኑን ክዳን ስትከፍት ቆርቆሮው ሲጮህ ሰማ።

«ፅዮን፣ ቁጥር ዘጠና ስድስትን አንብቢለት።»

ፅዮን ፊቷን ሳታዞር በቃሏ አለችው። «‹አንድ ቦታ የሚቆም የእንፋሎት ሞተር። ለእህል ወፍጮ። ወደ ጎንደር የተላከ።› ባቡር አይደለም። አልሰጠመም። ይኸው ፊቴ ቆሟል። እሱ ከጻፋቸው ቁጥሮች ከግማሽ በላዩ የውሸት ነው። ሮም ምንም ቅጂ አላየም።»

ስማቸው በሩን በቡጢ መታው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። ያ ረጋ ያለው ድምፅ ከጉሮሮው ተገፎ ወደቀ፤ ከሥሩ ሌላ፣ የቆየ፣ የደጋ ድምፅ ወጣ።

«ምነው አያ! ክፈትልኝ እንጅ! አያ፣ ምነው ዝም ትለኛለህ!»

ፅዮን ጆሮዋን ያዘች። «እሱ ነው» አለች፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ከዚያ ጮክ ብላ። «ይኸ ድምፅ ነው!»

ስማቸው እጁ በብረቱ ላይ እንደተነሳ ቀረ። ያለውን ነገር የሰማው ከሌሎቹ በኋላ ነበር።

«የየት አገር ልጅ ነህ?» አለችው ሰርካለም። አንቱታው ቀርቷል።

እጁን ከብረቱ አወረደ። «መካነ ብርሃን» አለ። «እሱ... እሳቸው ናቸው እዚያ ያስተማሩኝ። ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። አራዳ ተወለድኩ ማለቴን ሰምተው አንድ ቀን እንኳ አላጋለጡኝም። ትናንት ግን ሰሌዳውን ሲጠርጉት አየሁ። ዞረው አዩኝ። ምንም አልተናገሩም። ያ ዝምታ... ሊያዋርዱኝ ነው አልኩ። በየአዳራሹ ሊያዋርዱኝ ነው። መዝገቡ ከመውጣቱ በፊት እሳቸውን... ሳጥኑን በኋላ ጉድጓዱ ሲተነፍስ አወጣዋለሁ ብዬ ነበር። ሚሊሻዎቹ ተሽቀዳድመው ደረሱብኝ።»

ሰርካለም ማስታወሻ ደብተሩን ከኪሷ አውጥታ በስንጥቁ ብርሃን ላይ ያዘችለት። «አንብበው።»

አነበበው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ልጁ ራሱ እንዲናገር ዕድል ልስጠው። አንድ ጊዜ አነበበና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ከዚያ ከአሮጌው ሞተር ሥር፣ ጧት ቢያዝን በተቀመጡበት ቦታ፣ ቁጭ አለ።

«ጋሽ አንዳርጋቸው» ስትል ተጣራች ሰርካለም። «ይክፈቱ።»

በሩ ሲከፈት ብርሃኑ እንደ ውሃ ገባ። ከአውራ መንገዱ የአጀቡ ማኪናዎች ጥሩምባ ይሰማል፤ መንገዱ ተከፍቷል። አንዳርጋቸው ሰንሰለቱን ይዘው ቆመው ማንን እንደሚያስሩ ጠየቁ፤ ሰርካለም በአገጯ አመለከተቻቸው። አቢ ድምፁን አጥፍቶ ወደ ሚኒባሱ ሄደና ጋቢውን አምጥቶ መምህሩን አለበሳቸው።

ቢያዝን ግን አልተነቃነቁም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሳቸው ደፉ ላይ ቆመው ወደ አንዳርጋቸው እጅ፣ ወደ ሰንሰለቱ፣ ከዚያም ወደ ሰርካለም ያያሉ። ሦስት ዓመት የተዘጋበት ሰው ሳይፈቀድለት መውጣት ይረሳል።

ሰርካለም የአራዳ ልጅ ናት፤ ያችን ቃል ከአፏ አውጥታት አታውቅም። አጠገባቸው መጥታ ክርናቸውን ያዘች።

«ውጣ አያ» አለቻቸው። «ውጣ።»